ለአምስት የተካፈለ ደመወዝ

ሦስት ልጆች እኩል እያለቀሱ አራተኛው ዝም ካለ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሞግዚት የምትሮጠው ወደሚያለቅሱት ሳይሆን ዝም ወዳለው ነው። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ ይተነፍሳል። ዝም ያለው ግን አንድ ነገር አፉ ውስጥ ከቷል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይሆናል፣ ሳንቲም ይሆናል፣ ከምንጣፍ ጠርዝ የተመዘዘ ክር ይሆናል። ይህን ለታቴ ማንም አላስተማራትም። አራት ሕፃናት በሚውሉበት ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓመት የቆየ ጆሮ ሳይነግሩት ይማራል፤ እጅም እንደዚያው። አንዱን በጀርባዋ አዝላ፣ ሁለተኛውን በክንዷ ታቅፋ፣ ሦስተኛዋን በጉልበቷ ከግድግዳ አስጠግታ አፍንጫዋን ስትጠርግ ያያት ሰው፣ ሴትየዋ ሁለት እጅ ብቻ እንዳላት ለማመን መቁጠር ነበረበት።

ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። በየተራ እጃቸውን ይዛ «ታቴ፣ ታቴ» እያለች መራመድ ስታስተምራቸው ቃሉን መልሰው ለእሷ ሰጧት። እናቶቹ ከልጆቻቸው ወረሱት፤ የግቢው ዘበኛ ከእናቶቹ። ወላጆቿ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀረ።

ልጆቹ የሚውሉት ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛው ላይ፣ የሒሳብ ሹሟ ቤት ነው። ሹሟ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ መንታ ወንዶች አሏት፤ አንደኛው ይነክሳል፣ ሌላው ይነከሳል። ከሕንፃው ሥር ሱቅ የከፈተችው ሴት ደግሞ ድብልብል የሚሉት ወንድ ልጅ አላት፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ ያቀፈው ሁሉ ያውቃል። ሦስቱ እናቶች በየልጃቸው ልክ እያዋጡ አንዲት ሞግዚት ይዘዋል። ታቴ ስትቀጠር ልጆቹ ሁለት ነበሩ፣ ደመወዟም የሁለት ልጅ ነበር። መንቶቹ ሲጨመሩ ልጁ እጥፍ ሆነ፤ ደመወዙ ላይ የታከለው ግን አንድ ፖፖ ቢገዛ ክዳኑን አይገዛም።

ታቴ የራሷም ልጅ ነበራት። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት፣ ዓይኗ ከፊቷ የሚሰፋ ሴት ልጅ ናት። አባቷ ገና በሆድ ሳለች «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ደብዛው ጠፍቷል። ታቴ የሰው ልጅ ስትጠብቅ የእሷን የሚጠብቁላት ጎረቤቷ እማማ ነበሩ፤ ቀድሞ ልብስ አጣቢ የነበሩ አሮጊት፣ ዋጋቸውም ትንሽ፣ ዓይናቸውም ትንሽ። ልጅቷን ጧት በእንቅልፏ ታስረክባቸዋለች፣ ማታም በእንቅልፏ ትረከባቸዋለች። ከእሑድ በቀር ልጇን ዓይኗ ተከፍቶ አታያትም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጧት እማማ በሩን ከፍተው ልጅቷን ከመቀበላቸው በፊት እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከዳኝ። ትናንት ይችን ሚጢጢ ትራስ መስላኝ ላቃናት ነበር።»

«አይበሉ እማማ፣ እንዲህ ይባላል?»

«እውነቴን ነው። ወንዱ ልጄም መጥተሽ እኔ ጋ ኑሪ ብሎኛል። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ። ኋላ ድንገት ሆነብኝ እንዳትዪ።»

ታቴ በሰፈሩ ልጅ የምትይዝ ሌላ ሴት ጠየቀች። ሴትየዋ የደመወዟን ግማሽ ጠራች። በቀረው ግማሽ የቤት ኪራይ ቢከፈል ለአፍ የሚተርፍ የለም። አንድ ወንድም ነበራት፤ የአንድ ቀን የአውቶብስ መንገድ ርቆ የሚኖር። «ላኪያት፣ ከልጆቼ ጋር ትደግ» አለ በስልክ። ደግ ነው፤ ግን ልጅቷን ከላከቻት በዓመት አንድ ጊዜ ብታያት ነው፣ ያኔም ልጅቷ ይቺ ሴት ማናት ብላ ልትጠይቅ ነው። እንግዲህ ወይ ደመወዙ ይጨመራል፣ ወይ ልጅቷን ይዛ ሥራ ትገባለች፣ ወይ ልጅቷ ትሄዳለች። ከነዚህ ሌላ መንገድ ታቴ አልታያትም።

በዚያው ሳምንት የሒሳብ ሹሟ ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን የደመወዝሽን ነገር በፍትሕ እንወስናለን፤ እንዳትቀሪ» አለቻት። በፍትሕ! ታቴ ቃሉን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ለክፉም ለደጉም ብላ ያስቀመጠችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሶፋው ላይ ተቀመጪ አሏት። ያን ሶፋ በየቀኑ ስትወለውለው ኖራለች፤ ከትራሱ ሥር ምን ያህል የብስኩት ፍርፋሪ እንዳለ ታውቃለች፤ ምቾቱን ግን አታውቀውም ነበር። ሲሰምጥባት ደንግጣ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለች።

ብዙም ሳይቆይ ስብሰባው የእሷ እንዳልሆነ ገባት።

«ግማሹን ደመወዝ እኔ ብቻዬን እየከፈልኩ እኮ ነው!» አለች ነርሷ። «መንታ ወለድኩ እንጂ ወንጀል ሠራሁ?»

«ሁለት ልጅ ካለሽ ሁለት ትከፍያለሽ፤ ምን ያስለቅስሻል?» አለች ባለሱቋ። «እኔ ጋ ሁለት ኪሎ ስኳር ወስዶ በአንድ ኪሎ ሒሳብ የሚሄድ ሰው የለም።»

«መንታ ሁለት ልጅ አይደለም። ዘጠኝ ወር አንድ ክፍል ተጋርተው ነው የኖሩት። አሁንም አንድ አልጋ ነው የሚተኙት። አንድ ተኩል ይቆጠሩልኝ።»

«እንግዲያው በአንድ ዳይፐር አድርጊያቸዋ!»

«ደግሞ በኪሎ ይሁን ካልሽ፣ የኔ ሁለቱ ተደምረው ያንቺን አንድ ድብልብል አያክሉም።»

«ልጄን በዓይንሽ አትብዪው አንቺ ሴት!»

ነርሷና ባለሱቋ ሳቁ። ታቴም ከሰው ላለመለየት ሳቀች፤ በልቧ ግን ከመንቶቹ ግማሽ የሚሆነው የትኛው ይሆን፣ ነካሹ ነው ተነካሹ፣ እያለች ታስብ ነበር። የሒሳብ ሹሟ ብቻ ካልኩሌተሯን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታስኬደዋለች። መንቶቹ አንድ ተኩል ከሆኑ የእሷና የባለሱቋ ድርሻ ያድጋል፤ ሁለት ከሆኑ ነርሷ ታኮርፋለች። መውጫ የለውም።

ታቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔስ እትዬ?»

ሦስቱም ወደሷ ዞሩ፤ ሶፋው የተናገረ ያህል።

«አንቺ ምን ሆንሽ?» አለች ሹሟ።

«ስቀጠር ልጆቹ ሁለት ነበሩ። አሁን አራት ናቸው። ደመወዙ ትንሽ…»

«እሱማ ልክ ነሽ» አለች ሹሟ፣ ከልቧ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቁጥር ሲዛባ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ነበረች እንጂ። «ግን አንዱን ስታበይ ሌላውም አብሮ ይበላል አይደል? ልጅ እጥፍ ሲሆን ድካም እጥፍ አይሆንም።»

«ኑሮው ደግሞ የሁላችንንም ወገብ ነው የቆረጠው» አለች ነርሷ።

ታቴ ልትመልስ አሰበች። አንዱ ሲበላ ሌላው እንደሚተፋ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እንደሚነቃ፣ አራቱ እኩል የሚተኙበት ቀን እስከ ዛሬ እንዳልመጣ። ግን ምን ይዞ ሙግት። ወደ ሁለተኛው መንገድ ዞረች። የእማማን ዓይን፣ የወሩን መጨረሻ፣ የወንድሟን ቤት ነገረቻቸው። «ካልተጨመረልኝ እሺ። ግን ልጄን ይዣት ልምጣ። ከነዚህ ጋር ትዋል። አትረብሽም፤ ቀለቧንም ይዤ እመጣለሁ።»

የካልኩሌተሩ ቁልፍ ሲጫን ተሰማ። ሹሟ ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር።

«በቃ፣ መፍትሔው እዚሁ ነበር! ልጆቹ አምስት ሆኑ ማለት ነዋ። ደመወዙ ለአምስት ይካፈላል። አንቺ ግማሽ መክፈልሽ ይቀራል» አለች ወደ ነርሷ፣ «ከአምስት ሁለት ነው የምትከፍዪው። እኛም እያንዳንዳችን ከአምስት አንድ። ለሁላችንም ይቀንሳል፣ መንታም መንታ ሆኖ ይቆጠራል።»

«ይኸው ተገላገልን!» አለች ባለሱቋ።

ታቴ በጣቶቿ ቆጠረች። «ከአምስት ሁለት፣ አንድ፣ አንድ… አራት ነው እትዬ። አምስተኛውን ማን ይከፍላል?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ለማን?»

«ላንቺ። ከደመወዝሽ ላይ አንድ አምስተኛው ይቀራል። ቅር እንዳይልሽ፣ አስቢው እስቲ፤ ላንቺ ልጅ እኛ ብንከፍል ፍትሕ ነው? ማንም ለማንም ልጅ መክፈል የለበትም። እንደኛው አንዷ ሆነሻል ማለት ነው።»

«አሠሪ ሆንሽ እኮ!» አለች ባለሱቋ ጭኗን እየመታች። «እንኳን ደስ ያለሽ! ከአሁን ወዲያ ካረፈድሽ ራስሽን ተቆጪ።»

ታቴ ነገሩን ከየት በኩል እንደምትይዘው ጠፋት። አንድ ቦታ ላይ ስህተት እንዳለበት ታውቃለች፤ ግን የትኛውንም ጫፍ ብትስበው ልክ ሆኖ ይወጣል። የገዛ ልጇን ለማቀፍ ከደመወዟ ልትከፍል ነው፤ የሚከፈላትም እሷው ናት፤ ገንዘቡ ግን እሷ ጋ አይደርስም። በልቧ አነጻጸረችው። የሰፈሯ ልጅ ያዥ የጠራችው ግማሽ ነው፣ ይኼ አንድ አምስተኛ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

«እሺ» አለች።

ወሩ ሲብት ልጅቷን ይዛ መጣች። ስለ እነዚያ ሳምንታት ለመናገር ቃል ያንሳል። ታቴ ልጇ ሙዝ እንደማትወድ ያወቀችው በሁለት ዓመት ተኩሏ ነው። ፖፖ ላይ ስትቀመጥ ለብቻዋ እንደምታንጎራጉር፣ ስታስነጥስ ለራሷ «ይማርሽ» እንደምትል፣ ግድግዳው ላይ የሚወድቀውን የፀሐይ ብርሃን በጥፍሯ ልትልጠው እንደምትሞክር፣ ይህን ሁሉ በቀን ብርሃን አየች። ከልጆቹ ሁሉ በወራት ስለምትበልጥ አለቃቸው ሆነች። ነካሹ መንታ እንኳ ይፈራት ነበር።

ልጅቷ ግን በቀን መቶ ጊዜ «እማዬ» ትላለች። እማዬ ውኃ። እማዬ ጫማዬ። እማዬ እዪኝ፣ እማዬ እዪው። ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ቃል እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱን ከያዘ ሌሎቹን ሳያዳርስ አይወጣም። መጀመሪያ የተያዘው ድብልብል ነው፣ ከዚያ መንቶቹ ባንድ ቀን፣ በመጨረሻ የሒሳብ ሹሟ ልጅ። «እኔ ታቴ ነኝ፤ እማዬ ማታ ትመጣለች» እያለች በየጊዜው አረመቻቸው። ማን ሰምቷት። ልጅ ቃልን የሚመዝነው በመልሱ ነው፤ «እማዬ» ሲሉ ፈጥና የምትደርሰው ይቺ ናት።

አንድ ሐሙስ የሒሳብ ሹሟ ከወትሮው ቀደም ብላ ከቢሮ ተመለሰች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቁጢጥ አለችና እጆቿን ዘረጋች።

«ነይ ወደ እማዬ! ነይ የኔ ቆንጆ!»

ልጇ የታቴ ቀሚስ ሥር ተሸጎጠች። ቀና ብላ ታቴን አየችና፣

«እማዬ፣ ሰው መጣ» አለቻት።

የተዘረጉት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ሹሟ ከጧት ጀምሮ የሰው ቁጥር ስትደምር የዋለች ሴት ናት፤ ከንፈሯ ላይ ያለው ቀለም እንኳ በድካም ደብዝዟል። ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ የምታውቀው ታቴ ናት፤ በወንድሟ ቤት ይጠብቃታል ብላ ስትፈራው የነበረ ነገር ነው። ልጅቷን ከቀሚሷ አላቃ ወደ እናቷ ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ አለቀሰች።

በማግስቱ ጧት ሦስቱም እናቶች በር ላይ ጠበቋት። ይህን ጊዜ ተቀመጪ ያላት የለም። የታቴ ልጅ የእናቷን ጣት ይዛ ቆማለች።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለች ሹሟ። ዓይኗ ስር አብጧል። «ልጅሽ እዚህ ስትውል እንደ ሌሎቹ ታቴ ትበልሽ።»

«ለልጆቹ አስተዳደግ ነው» አለች ነርሷ። «ግራ ይጋባሉ።»

«እቤታችሁ ስትገቡ የፈለገችውን ትበልሽ፤ ማን ይከለክላታል?» አለች ባለሱቋ፣ ዓይኗን ከታቴ ልጅ አሽሽታ።

ታቴ መሬት አየች። ለሁለት ዓመት ከእነዚህ ሴቶች ጋር ስትነጋገር የኖረችው መሬት እያየች ነው፤ የእያንዳንዳቸውን ጫማ ከፊታቸው አብልጣ ታውቃለች። ከዚያ ቀና አለች። ምን እንደነካት ኋላ ላይ ራሷም አላወቀችውም።

«ስንት ይታሰብልኛል?»

«ምኑ?»

«ቃሉ።»

«በስመ አብ! ይሄም በገንዘብ ሊሸጥ ነው?» አለች ነርሷ።

«እኔ አልሸጥኩም እትዬ። ገዢ መጥቶ ነው።»

ባለሱቋ ሳል እንደያዘው ሰው አፏን በመዳፏ ሸፈነች። «ገበያ ታውቂበታለሽ ለካ» አለች፣ ከንቀት ይልቅ በአድናቆት።

«የኔ አምስተኛ ይቅር» አለች ታቴ። «በላዩም ሌላ አንድ አምስተኛ ይጨመር። መንቶቹ ሲመጡ ያልተጨመረልኝ ነው። ያለዚያ ልጄ እማዬ ትለኛለች። እኔም አቤት እላታለሁ። ሌሎቹም ይሰማሉ።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው!» አለች ነርሷ።

የሒሳብ ሹሟ ግን ካልኩሌተር አላወጣችም። ታቴን ረዥም ጊዜ አየቻት፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ። «ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «የተጨመረውን እኔ ብቻዬን እከፍላለሁ።»

እንዲህም ሆኖ ታቴ አንገቷን ደፍታ ለምና ያጣችውን ደመወዝ በር ላይ እንደቆመች በአምስት ደቂቃ አገኘች። አራት ልጅ አጥግቦ፣ አጥቦ፣ አስተኝቶ ማዋል ይህን ያህል አላወጣም ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ግን እጇ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ሲታገል ቆየ።

ሰኞ ጧት ከግቢው በር ሳይደርሱ ልጇ ፊት ተንበርክካ የሹራቧን ቁልፍ ቆለፈችላት።

«ጨዋታ እንጫወት። ይሄን በር ስንገባ እኔ ታቴ ነኝ። ስንወጣ እማዬ ነኝ። እሺ?»

«ለምን?»

«ጨዋታ ነዋ። የተሳሳተ ይሸነፋል።»

ልጅቷ መሸነፍ አትወድም። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው አንድም። ተነካሹ መንታ በተሳሳተ ቁጥር እሷው «ታቴ በል!» እያለች ታርመው ጀመር፤ በሳምንቱ ሌሎቹም ቃሉን ተዉት። የሒሳብ ሹሟ ልጅ ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ «እማዬ!» ብላ ትሮጣለች። ነርሷ ልጆቹ እንዴት እንደተስተካከሉ ለሰው ሁሉ አወራች። ማታ ከግቢው ሲወጡ ደግሞ ልጅቷ እስከ አውቶብስ ፌርማታው ድረስ «እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ» እያለች ትዘላለች፤ ቀኑን ሙሉ አፏ ውስጥ ያጠራቀመችውን እንደሚያፈስስ ሰው። ዘበኛው «ይቺ ልጅ ዜማ ጀመረች» እያለ ይስቃል።

ወሩ ሲያልቅ ታቴ ሙሉውን ደመወዝ ተቀበለች። ለልጇ ማሰሪያ ያለው ቀይ ጫማ ገዛች፤ ለቤት ኪራዩ አንድ ቀን እንኳ አላረፈደችም። ዜማው ግን እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ እስከ ፌርማታው፣ ከዚያ እስከ መንገዱ መታጠፊያ፣ ከዚያ በሩን ሲወጡ አንድ ጊዜ ብቻ። ታቴ ልጅቷ ስለደከማት ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

በሁለተኛው ወር አንድ ረቡዕ ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። አውቶብሱ ከሩቅ ብቅ አለ።

«ታቴ፣ መጣ!» አለች ልጅቷ በጣቷ እያሳየች።

ታቴ ጎንበስ አለች። «ከበሩ እኮ ወጥተናል የኔ እናት።»

ልጅቷ ዞር ብላ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ወደ አውቶብሱ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ጫማዋ። ጨዋታው ያለቀ መስሏት እንደሆነ፣ ወይም መጫወቷን ረስታው እንደሆነ፣ ከፊቷ ማንበብ አይቻልም ነበር።

«አዎ ታቴ፣ ወጥተናል» አለች።

አውቶብሱ ቆመ። ሞልቷል። ታቴ ልጅቷን አነሳቻትና፣ ጫማዋ ሰው እንዳያቆሽሽ እግሯን በክንዷ ሰብስባ፣ እየተጋፋች ገባች።